ፕሮፔኑ አይበላሽም፤ ጀነሬተሩን የሚበላው ውሃው ነው

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ካምፐሬ (እንደ ቤት የማድርበት ተሽከርካሪ) ላይ በፕሮፔን ጋዝ የሚሠራ 3.6 ኪሎዋት ጀነሬተር አለ። በብርዱ ወራት ሙቀቱ ከዜሮ በታች እስከ 25 ዲግሪ ይወርዳል፤ ካምፐሩም አምስት ወር ደጅ ቆሞ ይከርማል። አንዱ ወዳጄ ‹ፕሮፔን እንደ ቤንዚን አይበላሽም፣ ዝም ብለህ ተወው› አለኝ። ሌላው ‹በየሳምንቱ አሥር አሥር ደቂቃ አስነሳው› አለኝ። ዓምና የሁለተኛውን ሰማሁ። ብርዱ በጠናበት ሰሞን ረዘም አድርጌ ላሠራው ስል ግማሽ ሰዓት ሠርቶ ጠፋ፤ ሲሊንደሩም በረዶ ለብሶ አገኘሁት። ዘይቱን ሳየው ደግሞ ነጣ ብሎ አረፋ ሠርቷል። የማንን ልስማ?»

የሁለቱንም አይስሙ። የመጀመሪያው ሰው ስለ ነዳጁ የነገረዎት እውነት ነው፤ ስለ ሞተሩ ግን ምንም አልነገረዎትም። ሁለተኛው ምክሩን ያመጣው ከቤንዚን ጀነሬተር ነው፤ እሱንም ሲያመጣው ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎታል።

ቤንዚን ቆሞ ሲከርም ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ጠባብ ቀዳዳዎች ይደፍናል። የቤንዚን ጀነሬተር ያለው ሰው ቶሎ ቶሎ ማስነሳት የሚወደው ይህን ፈርቶ ነው። ፕሮፔን ይህ ጣጣ የለበትም። ሲሊንደሩ ውስጥ ተዘግቶ ዓመታት ቢቀመጥ ያው ፕሮፔን ነው። ስለዚህ ነዳጅ እንዳይበላሽ ተብለው የሚሸጡት መድኃኒቶች ለእርስዎ አያስፈልጉም፤ ገንዘብዎን ለዘይት ያቆዩት።

ወደ ነጣው ዘይት እንምጣ፤ የነገሩ ቁልፍ እዚያ ነው። እኔም ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ ዓይነት ዘይት ያለው ጀነሬተር መጥቶልኝ «ጓርኒሲዮን ተበልቷል፣ ውሃ ከዘይት ጋር ተቀላቅሏል» ብዬ ፈረድኩ። ልፈታው ቁልፍ ካነሳሁ በኋላ ነው ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑ ትዝ ያለኝ። ራዲያተር የለው፣ የውሃ ቱቦ የለው። ታዲያ ውሃው ከየት መጣ?

ከራሱ ከፕሮፔኑ ነው የመጣው። አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ በጢስ መውጫው፣ በማርሚታው፣ ይሄዳል። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ ዳርና ዳር ሾልኮ ዘይቱ ወዳለበት ቋት ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ የጋለ እንደሆነ ዘይቱም ይግልና ውሃው ተንኖ በመተንፈሻው ይወጣል። ብርድ ላይ አሥር ደቂቃ ብቻ የሠራ ሞተር ግን ዘይቱ ለብ እንኳ ሳይል ይጠፋል። ውሃው እዚያው ይቀራል፤ ከቃጠሎው የሚመጣ አሲድም አብሮት አለ። በሳምንቱ ሌላ ይጨመራል። ሃያ ሳምንት እንዲህ ያደረጉት ሞተር ጨርሶ ካልተነካው የባሰ ተጎድቶ ይከርማል። ማርሚታውም ውስጡ እንደረጠበ ስለሚቆም ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል፤ ቀዳዳ ሠርቶ እስኪጮህ ድረስ ደግሞ ማንም አያየውም።

እንግዲህ ያለዎት ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ በሥርዓቱ ማሠራት፣ ወይ በሥርዓቱ ማስተኛት። አሥር ደቂቃዋ ከሁለት ያጣች ናት።

ማሠራቱን ከመረጡ ልኩ በወር አንድ ጊዜ፣ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከአቅሙ ግማሽ በሚሆን ጭነት ነው። በእርስዎ ጀነሬተር ይህ 1,800 ዋት አካባቢ ይሆናል፤ አንድ ባለ 1,500 ዋት ማሞቂያና የካምፐሩ መብራቶች ይበቁታል። ከቀኑ ሞቅ የሚለውን ሰዓት ይምረጡ። ሲያስነሱት ያለ ጭነት አምስት ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ማሞቂያውን ይሰኩ፤ ሊያጠፉትም ሲሉ ጭነቱን ነቅለው ጥቂት ደቂቃ እንዲተነፍስ ይስጡት። «ጭነት ለምን አስፈለገ? ሞተሩ ከዞረ አይበቃም ወይ?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይበቃም። ያለ ጭነት የሚዞር ሞተር በብርድ ቀን ዘይቱን በቅጡ አያሞቅም። ሌላው የጀነሬተሩ የኤሌክትሪክ ክፍል ነው፤ የሽቦው ጥቅል እርጥበት የሚለቀው በራሱ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲሄድና ሲግል ነው። ካርቦን ያለው ዓይነት ከሆነ ካርቦኑ የሚነካው ቀለበት ሲቆም ስስ ዝገት ይይዛል፤ ይህን ጠርጎ የሚያነሳው ሥራ ብቻ ነው። በብርዱ ወራት ማብቂያ «ሞተሩ ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ግን አይሰጥም» ተብለው ከሚመጡልኝ ጀነሬተሮች ብዙዎቹ በሽታቸው ይኸው ነው። አንድ ረጅም ሥራ ከአራት አጫጭር ይሻላል፤ ጊዜ ካጣችሁ ወሩን ዝለሉት እንጂ አታሳጥሩት እላለሁ።

ማስተኛቱን ከመረጡ ደግሞ ብርዱ ሳይገባ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዎታል። መጀመሪያ አሠርተው ያሙቁትና ዘይቱን ትኩስ እያለ ይቀይሩ። እዚህ ላይ ፕሮፔን ሰውን ያታልላል፦ ጥላሸት ስለማያበዛ ዘይቱ ብዙ ሰዓት ከሠራ በኋላም ወለላ መስሎ ይታያል። «ገና ነው፣ ንጹሕ ነው» ብለው ይተዉታል። ዘይት የሚቀየረው በመልኩ ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪው ነው፤ ከመከረሙ በፊት ግን ሰዓቱ ባይደርስም ይቀየር፣ አሲዱንና ውሃውን አቅፎ አምስት ወር እንዳይተኛ። ለእርስዎ ብርድ፣ የሞተሩ መመሪያ እስከፈቀደው ድረስ፣ 5ደብሊው-30 ሲንተቲክ ጥሩ ነው፤ ወፍራም ዘይት ከዜሮ በታች 25 ላይ ማር ይሆንና ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ያስለቅሰዋል።

አዲሱ ዘይት ከገባ በኋላ አንድ ሩብ ሰዓት ያሠሩት፣ ሁሉም ቦታ ይድረስ። ከዚያ ማጥፊያውን ሳይነኩ የሲሊንደሩን ቫልቮላ ይዝጉና ቱቦው ውስጥ የቀረውን ጋዝ በልቶ ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁት። ቱቦውና ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚመጥነው ዕቃ) ያለ ግፊት ይከርማሉ፤ ቀስ ብሎ የሚያፈስ መገጣጠሚያ ቢኖር እንኳ የሚያፈሰው አይኖረውም።

ቀጥሎ ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ይፍቱ። ፕሮፔን ደረቅ ነዳጅ ነው፤ የሞተሩ ሲሊንደር ግድግዳ ላይ የሚተወው ቅባት የለም። 15 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ያንጠባጥቡና ሞተሩን ጥቂት ዙር ያዙሩት። በሞተሪኖ የሚያዞሩ ከሆነ የካንዴላውን ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር አስነክተው ይያዙት፣ እሳት ወደማይሆን ቦታ እንዳይዘል። ካንዴላውን መልሰው ያጥብቁና በእጅ ማዞር የሚቻል ከሆነ ኮምፕሬሽኑ (ውስጡ የሚታመቀው አየር) ሲከብድዎት ያቁሙት። በዚያ ቦታ የሞተሩ ሁለቱም ቫልቮላዎች ዝግ ናቸው፤ እርጥብ አየር ገብቶ አይከርምም። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን አልዘላትም፣ ምንም ወጪ የላትም።

የእርስዎን ሁኔታ ሳየው ማስተኛቱን ነው የምመርጥልዎት። አምስት ወር ሙሉ በዚያ ብርድ፣ ካምፐሩ ደጅ ሆኖ፣ በየወሩ ሁለት ሰዓት አጠገቡ ለመቆም የሚታገስ ሰው አላየሁም። በመጀመሪያው ወር ሁለት ሰዓት፣ በሁለተኛው አርባ ደቂቃ፣ በሦስተኛው ያቺው አሥር ደቂቃ ትሆናለች። በብርዱ ወራት ካምፐሩን በእውነት የሚጠቀሙበት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ ወርሃዊው ሥራ ልፋት ሳይሆን የአጠቃቀምዎ አካል ይሆናል።

አሁን ደግሞ ስለ በረዶ ለባሹ ሲሊንደር። ብዙ ሰው ጀነሬተሩ ተበላሸ ብሎ ሞተሩን የሚያስፈታው በዚህ የተነሳ ነው።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ነው፤ ሞተሩ የሚጠጣው ግን ትነቱን ነው። ፈሳሹ ለመትነን ሙቀት ይፈልጋል፤ ያንን ሙቀት በብረቱ አልፎ ከውጭው አየር ይወስዳል። የእርስዎ ጀነሬተር በግማሽ ጭነት በሰዓት አንድ ኪሎ አካባቢ ቢጠጣ፣ ሲሊንደሩ ያለ ማቋረጥ 110 ዋት ያህል ሙቀት ከአየሩ መሳብ አለበት። በሞቃት ቀን ይህ ቀላል ነው። በብርድ ግን ከአየሩ ሙቀት ለመሳብ ፈሳሹ ራሱ ከአየሩ የበለጠ መቀዝቀዝ ይኖርበታል።

የፕሮፔን ግፊት ደግሞ ከሙቀቱ ጋር አብሮ ይወርዳል። በ20 ዲግሪ ከከባቢው አየር በላይ 7 ባር ይበልጣል። ከዜሮ በታች 25 ላይ 1 ባር ያህል ይቀረዋል። ከዜሮ በታች 42 ሲደርስ ትርፍ ግፊት የሚባል ነገር የለውም፤ እዚያ ነው የሚፈላው። ስለዚህ የእርስዎ ሲሊንደር ሥራ ሲጀምር ከዜሮ በታች 25 ላይ ነበረ፤ ግፊቱ ሬጉሌተሩን ለመመገብ በቂ ነው፣ ሞተሩም ይነሳል። ሲጠጣለት ግን ፈሳሹ ከራሱ ሙቀት እየበላ ወደ ከዜሮ በታች 35 ይጠጋል፣ ግፊቱም ከግማሽ ባር በታች ይወርዳል፣ ሬጉሌተሩም ማድረስ ያቅተዋል። ሞተሩ ማነቅ ይጀምርና ይጠፋል። አንድ ሰዓት ቢያቆዩት መልሶ ይነሳ ነበር። የዓምናው ታሪክዎ ይኸው ይመስለኛል።

ከዚህ የሚወጡት መፍትሔዎች ከልማዳችን ጋር ይጋጫሉ። ሰው ሲሊንደሩ በረደው ብሎ ብርድ ልብስ ይጠቀልልበታል። ይህ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ሲሊንደሩ ከአየሩ የሚወስደውን ሙቀት ነው የሚከለክሉት። ይልቅስ ገላጣ ይሁን፣ በረዶ ከተከመረበት ይጠረግለት። ሁለተኛ፣ ሙሉ ሲሊንደር ከጎዶሎ ይሻላል። ግፊታቸው በአንድ ሙቀት እኩል ነው፣ ነገር ግን ሙቀት የሚቀበለው ፈሳሹ የነካው የብረቱ ክፍል ነው፤ ፈሳሹ ባነሰ ቁጥር ሙቀት የሚገባበት ገጽ ያንሳል። የበረዶውን መስመር ልብ ብለው ቢያዩት የፈሳሹን ልክ ይነግርዎታል። «ሙሉ» ስል ግን 80 በመቶ ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ መሞላት የለበትም፣ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሦስተኛ፣ ሁለት ሲሊንደር ካለዎት ሁለቱም በአንድ ጊዜ እንዲመግቡ ያድርጉ፤ ለየአንዳንዳቸው ሥራው በግማሽ ይቀንሳል። አንዱ ሲያልቅ ወደ ሌላው በራሱ የሚዞር ሬጉሌተር ካለዎት ግን ሁለቱን መክፈቱ ብቻ አይረዳዎትም፣ እሱ የሚጠጣው ከአንዱ ነው።

ጋዙም ምን እንደሆነ ይጠይቁ። በአንዳንድ ቦታ ለማብሰያ የሚሸጠው ፕሮፔንና ቡቴን ተቀላቅሎ ነው። ቡቴን ከዜሮ ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ሲል መትነን ያቆማል። በብርድ ፕሮፔኑ ቀድሞ እየወጣ ቡቴኑ ሥር ይቀራል፤ ሲያነሱት የሚከብድ፣ ሲከፍቱት የማይሰጥ ሲሊንደር ይዘው ይቀራሉ። ለብርድ ንጹሕ ፕሮፔን ነው።

ለሲሊንደር ተብሎ የተሠራ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ መጠቅለያ አለ፤ እሱ ሙቀት ስለሚጨምር ከብርድ ልብሱ ጋር አንድ አይደለም። በእሳት ወይም በሙቅ አየር ማራገቢያ ማሞቅ ግን በፍጹም አይሞከርም። ቤት ውስጥ አስገብቶ ማሞቅም እንዲሁ፦ ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፤ ካፈሰሰ ወደ ወለሉ ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል፣ ብልጭታም ይጠብቃል። ሲሊንደሩ ደጅ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቫልቮላው ተዘግቶ ይክረም።

አልፎ አልፎ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ይሆናል። ጋዙ ውስጥ ጥቂት እርጥበት ካለ ሬጉሌተሩ ጠባብ ቀዳዳ ላይ ይረጋና ይዘጋዋል። መፍትሔው ጋዝ ሞይው የሚጨምራት ጥቂት ሜታኖል ናት፤ ራስዎ አይሞክሩት። የሬጉሌተሩ መተንፈሻ ቀዳዳ ወደ ታች እንዲያይ ሆኖ ይታሰር፣ ወደ ላይ ካየ ውሃ ገብቶ በረዶ ይሆናል።

ባትሪውን በተመለከተ፦ ሙሉ በሙሉ የተሞላ የእርሳስ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ላይ እንኳ አይረጋም፤ ባዶ የሆነው ግን ከዜሮ በታች 10 አካባቢ ረግቶ ይሰነጠቃል። ልዩነቱ ያለው መሙላቱ ላይ ነው። ሞልተው፣ አሉታዊውን ገመድ ነቅለው ይተዉት፤ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፣ ወደ 12.4 ከወረደ መልሰው ይሙሉት። አንዳንድ ካምፐሮች ሲጠፉም በጥቂቱ የሚበሉ ነገሮች አሏቸው፤ ጋዝ ጠቋሚው አንዱ ነው። «ምንም አላበራሁም» ብሎ አምስት ወር መተው በባትሪ ይከፈላል። የሊቲየም ባትሪ ካለዎት ደግሞ ውስጡ ማሞቂያ ከሌለው በቀር ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ አይሞላም፤ ማስቀመጡ ችግር የለውም፣ መሙላቱ ነው የሚገድለው።

አይጥን አይርሱ። እርሳስ የምታሳልፍ ቀዳዳ ለአይጥ በር ናት፤ የጀነሬተሩ ሳጥን ደግሞ ጎጆ ለመሥራት የተመቸ ነው። አንድ ደንበኛዬ ጀነሬተሩ ሲነሳ የጭድ ሽታ ሸተተው፤ ከፍተን ስናየው ማቀዝቀዣው ጎጆ በጎጆ ሆኗል፣ ሁለት ሽቦም ተበልቷል። ቀዳዳዎቹን በብረት መረብ ይክደኗቸው። የማርሚታውን አፍ በጨርቅ ከደፈኑ ደግሞ ቀይ ማሰሪያ አስረው ማስነሻው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ አለዚያ በፀደይ ራስዎ ይረሱታል።

በብርዱ ወራት ማሠራቱን ከመረጡ የምጨምረው አንድ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ፕሮፔን ንጹሕ ነው ማለት ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም ማለት አይደለም። መጠለያ ውስጥ በሩን ከፍተውም ቢሆን አያሠሩት። ማርሚታው ፊት የተከመረ በረዶ ጢሱን ወደ ካምፐሩ ሥር ይመልሰዋል፤ ከማስነሳትዎ በፊት ዙሪያውን ይጥረጉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚውን ይፈትሹ፣ ጀርባው ላይ የተጻፈው የአገልግሎት ዘመኑ ካለፈም ይቀይሩት።

ብርዱ ሲወጣ ሲሊንደሩን ሲከፍቱ ቀስ ብለው ይክፈቱ። ብዙ መገጣጠሚያዎች ውስጥ ጋዝ በድንገት ሲፈስ «ቱቦ ተቆርጧል» ብሎ የሚዘጋ ገዳቢ አለ፤ ባዶ ቱቦ ላይ ቫልቮላውን በአንድ ጊዜ ከበረገዱት ይነቃና እንደ ክር የቀጠነ ጋዝ ብቻ ያሳልፋል። ሞተሩ ይነሳል፣ ጭነት ሲሰጡት ይጠፋል፣ እርስዎም ሞተሩን ይጠረጥራሉ። ከሆነ ዘግተው ጥቂት ቆይተው በዝግታ መክፈት ነው። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ይፈትሹ። የተጨመረው ዘይት እስኪቃጠል ጥቂት ደቂቃ ቢጨስ አይደንግጡ። ካንዴላው ያረጀ ከሆነ ያኔውኑ ይቀይሩት፤ ፕሮፔን ከቤንዚን የበለጠ ጠንካራ ብልጭታ ይፈልጋል፣ ደካማ ካንዴላ መጀመሪያ የሚያሳፍረው በብርድ ጠዋት ነው።

አሁን ያለውን የነጣ ዘይት ግን እስከዚያ አያቆዩት፣ በዚህ ሳምንት ያውጡት። አዲስ ጨምረው በግማሽ ጭነት ሁለት ሰዓት ያሠሩት፣ ከዚያ የዘይት መለኪያውን መዝዘው ይዩ። ንጹሕ ከሆነ ደርቋል፤ አሁንም ከነጣ አንድ ጊዜ ደግመው ይቀይሩ። ሲሊንደሩ ሞልቶ፣ አየሩም ከዜሮ በላይ ሆኖ በግማሽ ሰዓቱ መልሶ ከጠፋ፣ የብርዱ ጉዳይ አይደለም ማለት ነው። ያኔ ጀነሬተሩ መግቢያ ላይ ሞተሩ ጭነት ተሸክሞ እያለ የጋዙን ግፊት በመለኪያ ያስለኩ። ያለ ጭነት ደህና ሆኖ በጭነት ከወደቀ ሬጉሌተሩን ነው የምጠረጥረው፦ ጎማው ደርቋል፣ ወይም ከቱቦውና ከጋዙ የሚመጣው ቅባት ውስጡ ተጠራቅሟል። ያን ጊዜ አዲስ ይግጠሙ፤ ሬጉሌተር ተፈትቶ የሚጠገን ዕቃ አይደለም።